ስለ ዶኪ፦ ጥያቄና መልስ

ከአየርላንድ ዋና ከተማ ከደብሊን በስተ ደቡብ ምሥራቅ በባሕር ዳር ስለምትገኘው የባለጸጎች ሰፈር ስለ ዶኪ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልሴ የሚከተለው ነው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ስሟ ውስጥ «ል» አለ። ለምን «ዶኪ» ይሏታል?

መልስ፦ ያቺ ፊደል ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ትርጉሙ «የእሾህ ደሴት» ሲሆን፣ ስሙ የተወረሰው ከፊት ለፊቷ ካለችው ትንሽ ደሴት ነው።

ጥያቄ፦ ከጥንት ጀምሮ የሀብታም ሰፈር ነበረች?

መልስ፦ አልነበረችም። በመካከለኛው ዘመን የደብሊኑ የሊፊ ወንዝ መግቢያ በደለል የተሞላ ስለነበር ትልልቅ መርከቦች ጭነታቸውን እዚህ ያራግፉ፣ ነጋዴዎችም ዕቃቸውን በሰባት ግንቦች ያስጠብቁ ነበር፤ ሁለቱ ዛሬም በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ወደቧ ሲዳከም ተራ መንደር ሆነች። ግንባታው በ1817 ለተጀመረው ለጎረቤቷ ለደን ሊሪ ወደብ ግራናይት ሲፈለፈል ደግሞ ድንጋይ ፈላጮች መጥተው በወል መሬቷ ላይ ጎጆ ቀለሱ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማን ለወጣት? ባሕሩ ነው?

መልስ፦ ባሕሩማ ድሮም ነበረ፤ የለወጣት ባቡሩ ነው። ድንጋዩ ወደ ወደቡ ይወርድ የነበረው የሞላው ፉርጎ በራሱ ክብደት ቁልቁል ሲሄድ ባዶውን ሽቅብ እየሳበ ነበር። በ1844 በዚያው መስመር ሎኮሞቲቭ የሌለው ባቡር መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። በሐዲዶቹ መካከል ቱቦ ተጋድሟል፤ ዶኪ ላይ የተተከለው የእንፋሎት ሞተር ከቱቦው አየሩን ሲመጥጥ፣ ከኋላ ያለው የአየር ግፊት በውስጡ ያለውን ፒስተን፣ ከፒስተኑ ጋር የተያያዘውንም ባቡር ዳገቱን ይገፋዋል። ቱቦው ከላይ በኩል ለፒስተኑ ማያያዣ የተተወ ስንጥቅ ስላለው፣ እሱን የሚከድነው ስብ የተቀባ ቆዳ ነበር፤ ጣጣው ሁሉ ያለው እዚያ ቆዳ ላይ ነው፣ በደንብ ካልገጠመ አየር ያስገባልና። ሲመለስ ግን እንደ ድንጋዩ ፉርጎ በክብደቱ ብቻ ይወርዳል። በ1854 ቦታውን ለተለመደው የእንፋሎት ባቡር ለቀቀ፤ የከተማ ነጋዴና ጠበቃም ደብሊን እየሠራ እዚህ ማደር ስለቻለ፣ ቪኮና ሶሬንቶ የሚሉ ከኔፕልስ ባሕረ ሰላጤ የተዋሱ ስሞች ያሏቸው መንገዶች በቪላ ተሞሉ። ጸሐፊው በርናርድ ሾውም ከልጅነቱ ከፊሉን እዚሁ ኮረብታ ላይ አሳልፏል።

ጥያቄ፦ ገንዘብ የሌለው ሰው ዛሬ ምን ይሠራባታል?

መልስ፦ በባቡር ሄዶ ይዋኛል። ከቪኮ መንገድ ቪላዎች ሥር ባለው መዋኛ፣ ፎጣ ለያዘ ሁሉ ደረጃው ክፍት ነው፤ ውሃው ግን በበጋም አጥንት ይሰብራል። ያ ድንጋይ የወጣበት ገደል ደግሞ ዛሬ በገመድ የሚወጣጡ ወጣቶች መለማመጃ ሆኗል።