መስመሩ ሲቋረጥ ዳታቤዙ ምን ይሁን?

ጥያቄ፦ የመድኃኒት መደብራችን መዝገብ በደመና ላይ ባለ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ከባሕር ዳር ሆኜ በትእዛዝ መስመር መጠባበቂያ ቅጂ ስወስድ ኢንተርኔቱ እየተቋረጠ ሥራው ከመሐል ይቀራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከኢንተርኔቱ ጋር አይታገሉ፤ ሥራውን ከላፕቶፕዎ ወደ ሌላ ማሽን ያዛውሩት። ዳታቤዙ ባለበት ሪጅን (የደመናው ማሽኖች በሚገኙበት አካባቢ) ትንሽ የሊኑክስ ሰርቨር ይከራዩ፤ ከሩቅ ሰርቨር ጋር በሚያገናኘው በኤስኤስኤች ይግቡ፤ ሥራን ከግንኙነቱ ለይቶ የሚያቆየውን ፕሮግራም ቲመክስን ከፍተው የፖስትግሬስ ቅጂ መውሰጃ የሆነውን ፒጂ ዳምፕን እዚያው ያስጀምሩ። መስመሩ ቢቋረጥም ቅጂው ይቀጥላል፤ ሲመለሱ ከደረሰበት ያገኙታል። የፒጂ ዳምፕ ዋና ስሪት ከዳታቤዙ ያነሰ ከሆነ ግን አልቀዳም ይላል፤ አስቀድመው ያስተያዩ።

የይለፍ ቃሉን ከትእዛዙ ጋር አይጻፉ፤ በትእዛዝ ታሪክ ውስጥ ይቀራል። ፒጂፓስ በሚባለው ፋይል ያኑሩት። የፋይሉ ፈቃድ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) ይሁን፤ ከዚያ ከላላ ፕሮግራሙ አያነበውም።

ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ ያለጥንቃቄ መሰረዝ ያናድደኛልና። መረጃ ከመሰረዝዎ በፊት ሁልጊዜ ቢጊን (ጀምር) የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ስንት ረድፍ እንደተሰረዘ ይነገርዎታል፤ ቁጥሩ ከጠበቁት ከበለጠ ሮልባክ ብለው ይመልሱታል። ኮሚት (አጽና) ሳይሉ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሰርቨሩ ራሱ ስረዛውን ይሽረዋል።