የአንባቢያን ጥያቄ፦ የዓድዋ ቀን ማርች 1 ነው ወይስ 2?

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ በቴሌግራም ተሰባስበን በየዕለቱ አምስት የታሪክ ጥያቄ እንጠያየቃለን። ሰሞኑን «የዓድዋ ድል በፈረንጆች መቼ ሆነ?» ተባለና ግማሻችን ማርች 1፣ ግማሻችን ማርች 2 ብለን ተለያየን። ማርች 2 ያሉት የስልካቸውን የቀን መቀየሪያ ያሳያሉ። ነጥቡ ለማን ይሰጥ?

መልስ፦ ማርች 1 ላሉት። ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896። ማርች 2 በዓሉ በዚህ ዘመን የሚውልበት ቀን ነው። ስልኩም አልዋሸም፤ የዘንድሮውን የካቲት 23 ጠየቁት፣ የተጠየቀውን መለሰ። ዓመቱን 1888 ብላችሁ አስገቡና ሞክሩት።

የአንዷ ቀን ልዩነት የመጣችው ከ1900 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ሳታዛንፍ 6 ትሆናለች። ፈረንጆቹ ግን መቶ ሲሞላ ዓመቱ ለ400 እኩል ካልተካፈለ ፌብሩዋሪን በ28 ይዘጉታል። 1900 እንዲያ ተዘጋ፤ 2000 ለ400 ስለሚካፈል 29 ሆኖ አለፈ። ስለዚህ ከ1900 በፊት በነበረው መቶ ዓመት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 10 ነበር፣ ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ ሲመጣ ደግሞ 11። አሁን 11 ወይም 12 ላይ ይውላል። በ2100 አንድ ቀን ደግሞ ይገፋል።

እንግዲህ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሆነ ነገር ዛሬ ከሚውልበት ቀን አንድ ይቀነሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉበት ሚያዝያ 6 ዛሬ ኤፕሪል 14 ላይ ይውላል፤ በ1860 ዓ.ም. ግን ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነበር። የውጫሌ ውል የተፈረመበት ሚያዝያ 25 ቀን 1881ም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ሜይ 3፣ ያኔ ሜይ 2 ቀን 1889። ወደ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ወደ ጎንደር ነገሥታት ከወረዳችሁ የሚቀነሰው ሁለት ቀን ነው።

ዓመቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር ማለቂያ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ማለቂያ 8 ከፈረንጆቹ ዓመት ይቀነሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ነው፤ «ሴፕቴምበር» ሲባል መስከረም ይመስለዋል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። ሰባት ቀንሶ 1953 የሚል አይጠፋም። ቀኑ ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። (ለጥያቄ ይህን የመሰለ ቀን አይገኝም፤ ካልጠየቃችሁት ያዙት።)

ወር ሳይጠቀስ ዓመት ብቻ መጠየቅም ጠብ ይጠራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች ስንል ያ ዓመት የፈረንጆቹን 1886 እና 1887 ይነካል። ሁለቱን በምርጫ ውስጥ አብራችሁ አታስገቡ፤ ወይም ጥያቄውንም መልሱንም በዓ.ም. ብቻ ያዙት።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ የኛ ቡድን ጥያቄ የሚለቀቀው በአዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። አሜሪካ ያሉት ሁልጊዜ «የነገውን ነው የምትጠይቁን» ይላሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት ሲል ዋሽንግተን በበጋ ሰዓታቸው እኩለ ሌሊት፣ በክረምት ሰዓታቸው ደግሞ የቀደመው ቀን ማታ 5 ሰዓት ነው። «በዛሬዋ ዕለት» የሚል ጥያቄ ገና ካልመጣ ቀን ይደርሳቸዋል።

ወደ አዲስ አበባ ማታ 3 ሰዓት አዙሩት። ለሪያድም ያው 3 ሰዓት ነው፣ ለዱባይ 4፣ ለዋሽንግተን ከሰዓት በኋላ 8 ወይም 7፣ ለለንደን ምሽት 1 ወይም 12። አሜሪካ ሰዓት የምትቀይረው ማርችና ኖቬምበር ውስጥ፣ አውሮፓ ማርችና ኦክቶበር ማለቂያ ላይ ስለሆነ በመሀል ባሉት ሳምንታት ልዩነቱ ይዘበራረቃል። የአዲስ አበባውን ሰዓት እንደ ምሰሶ ይዛችሁ ሌላው ራሱን ያስተካክል። ደግሞም «3:00» ብላችሁ በቁጥር ብቻ አትጻፉ፤ ውጭ ያደገ ልጅ 9 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። «በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት» ይበቃል።

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦ ጥያቄዎቻችን ወይ በጣም ይቀላሉ፣ ወይ ሰው ጎግል አድርጎ ይመልሳል። ጥሩ ጥያቄ እንዴት ይወጣል?

መልስ፦ ጥያቄን የሚያቀልለው አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳቱት ምርጫዎች ድክመት ነው። «በውጫሌ ውል ኢጣሊያን ወክሎ የፈረመው ማነው?» ብላችሁ ከአንቶኔሊ ጎን ሙሶሊኒን ብታስቀምጡ ማንም ይጥለዋል። ክሪስፒን፣ ባራቲየሪንና አልቤርቶኔን አስቀምጡ፤ ሁሉም የዚያው ዘመን ሰዎች ናቸው። ከዚህም የሚሻል አለ፦ «ዓድዋ ላይ የተማረከው የኢጣሊያ ብርጌድ አዛዥ ማነው?» ብላችሁ አሪሞንዲን፣ ዳቦርሚዳን፣ ኤሌናንና አልቤርቶኔን ደርድሩ። አራቱም ያን ቀን ብርጌድ ይመሩ ነበር፤ የተማረከው አልቤርቶኔ ነው። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ እዚያው ወደቁ።

«የመጀመሪያው» የሚል ቃል ስታዩ ተጠንቀቁ። «የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ አበበ ቢቂላ ነው» የሚለው ስሕተት ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊው ኬን ማክአርተር በ1912 ስቶክሆልም ላይ ማራቶኑን ራሱን አሸንፏል። «የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ» ስትሉ ትክክል ይሆናል።

ጎግልን ማገድ አይቻልም፤ ጊዜ ማሳጠር ግን ይቻላል። በቴሌግራም የጥያቄ ቦት ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚቆጥር ሰዓት አለው፤ 15 ሴኮንድ አንብቦ ለመምረጥ ይበቃል፣ ለመፈለግ ያጥራል። ከአምስቱ ሁለቱ ቀላል፣ ሁለቱ መካከለኛ፣ አንዱ ከባድ ይሁን፤ ከባዱን አራተኛ ላይ አድርጉት፣ መጨረሻ ላይ ሲሆን ሰው ተናዶ ይወጣል። በማብራሪያው ቦታ ላይ አጭር ምክንያት ጻፉ። ቦታው ከ200 ፊደል አይበልጥም፣ አንድ ምርጫም ከ100 ፊደል አያልፍም፤ የነገሥታትን ሙሉ ማዕረግ ለመጻፍ አትታገሉ።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ አንድ ጥያቄ ሁለት ትክክል መልስ ሲገኝበት ነጥቡስ?

መልስ፦ በኩዊዝ ዓይነቱ የመረጡትን መልሶ መቀየር ስለማይቻል ያ ጥያቄ ይሰረዝ፣ ለማንም ነጥብ አይያዝ። ለሁለቱም ነጥብ እንስጥ ካላችሁ ማን ምን እንደመረጠ መታየት አለበት፤ ስለዚህ ጥያቄውን ስትፈጥሩ ድምፅ ሰጪውን የሚደብቀውን ማብሪያ አጥፉት። ጥያቄው ከወጣ በኋላ ማጥፋት አይቻልም። ድምሩን በየሰንበቱ ከዜሮ ጀምሩት፤ ዘግይቶ የገባ ሰው በ300 ነጥብ ተበልጦ አይጫወትም።