«ሦስት ጎበዝ ላኩ» ሲሏችሁ

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቂሊንጦ አካባቢ ለተመደባችሁ ወጣት መምህራን ነው የምጽፈው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። የሒሳብ መምህር ነበርኩ።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ብቅ ይሉና «ለሳይንስ ስልጠና ከክፍላችሁ ሦስት ጎበዝ ልጆች ስጡኝ፣ እስከ ከሰዓት» ይሏችኋል። ሦስት ስም ወዲያው ይመጣላችኋል። ከፊት የሚቀመጠው፣ እጁን ቀድሞ የሚያወጣው፣ እናቱ ከወላጅ ስብሰባ የማትቀረው። ሦስቱም ጎበዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ሌሎቹን ማን አያቸው? የእኛ አመራረጥ «አፍ ያለው ያግባሽ» ነው።

ሰፈሮቹ ድብልቅ ናቸው። ከመሀል ከተማ ኮንዶሚኒየም ደርሶት የመጣ ቤተሰብ ልጅና አባቱ እዚያው ሲያርስ የኖረ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ቤቱ የሚያወራው ኦሮምኛ ነው። በአማርኛ ሲጠየቅ ቃል እስኪመርጥ ጎረቤቱ መልሶ ይጨርሳል። «ዝምተኛ ነው» ይባላል፣ አለቀ። ዝምተኛ ደግሞ ለስልጠና አይታጭም።

ቅዳሜ ጉሊት ውጡ። እናቷን የምታግዝ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አታጡም። ሁለት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ቃሪያ፣ ከ500 ብር መልስ። ደንበኛው የስልኩን ካልኩሌተር ሳይከፍት እሷ መልሱን ቆጥራ ዘርግታለች። ሰኞ ክፍል ውስጥ ከኋላ ሆና ታንቀላፋለች። ካርዷ ላይ ያለው 60 ምናምን ነው። ካርዱን ብቻ ያየ ሰው ስሟን አይጽፍም፤ እናቷም ጉሊቱን ጥላ መጥታ «ልጄን እዩልኝ» አትልም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ብሮዋርድ የሚባል ትልቅ የትምህርት አስተዳደር አለ። ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች በተከፈተው ፕሮግራም ጥቁሮች፣ ሂስፓኒኮች (ዘራቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነ) እና የድሃ ልጆች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ወደ ፈተናው የሚላከው መምህር ወይም ወላጅ የጠቆመው ልጅ ነበርና። በ2005 እ.ኤ.አ. የሁለተኛ ክፍል ልጆችን በሙሉ አጭር መለያ ፈተና ማስፈተን ጀመሩ። የመግቢያውን መስፈርት አልነኩትም። ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ሲያጠኑት፣ የሚገቡት ጥቁር ልጆች ድርሻ በ80፣ የሂስፓኒኮቹ በ130 በመቶ ጨምሮ አገኙት። ልጆቹ እዚያው ነበሩ፤ የጠየቃቸው አልነበረም። በጀት ሲጠፋ ፈተናው ቀረ፣ ልዩነቱም ተመለሰ። እኔን ያናደደኝ ይኼኛው ነው።

«ጎበዝ ከሆነ በ12ኛ ክፍል ፈተና ይታያል» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መሀል የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ናቸው። ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው አጥር ቂሊንጦ ላይ ደጃቸው ነው፤ እስከ 12ኛ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ግን ከአጥሩ አያልፍም።

ስለዚህ ስም ከመጻፋችሁ በፊት ክፍሉን በሙሉ ፈትኑ። ቃል የማይበዛበት ይሁን፤ የቅርጽና የቁጥር ቅደም ተከተል፣ ቀጥሎ ምን ይመጣል የሚል። ትእዛዙን ኦሮምኛ የሚችል ባልደረባ ይድገምላቸው። ከእናንተ ግምት ውጭ የሆነ ስም ከላይ ከወጣ ልጁ ኮርጇል ብላችሁ አትነሱ። ለብቻው አስቀምጡትና ሌላ ጥያቄ ስጡት።

ስልጠናው ቅዳሜ ከሆነ የጉሊቷን ልጅ እናት ራሳችሁ ሄዳችሁ አናግሯት። ደብዳቤ አትላኩ፤ ደብዳቤ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። የታክሲም ጉዳይ አለ፤ ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ርዕሰ መምህሩ «እስከ ከሰዓት» ካሉ «እስከ ነገ ይስጡኝ» በሏቸው። ይቆጡ ይሆናል፣ ይቆጡ። የፎቶ ኮፒ ቀለም አልቋል ከተባለም ጥያቄዎቹን ሰሌዳ ላይ ሳሏቸው።