«ጊታሩን ሁለት ጊዜ ቅዳው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። ስታዲየም አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ አለችን። የሚመጡልን በአብዛኛው ፖስት ሃርድኮር የሚጫወቱ ወጣቶች ናቸው፤ ሙዚቃው የሚጮኽ ጊታርና ኃይለኛ ድራም ያለበት ነው። በቅርቡ የአንዱ ባንድ መሪ ‹የግራውን ጊታር ሁለት ጊዜ ቅዳው› አለኝ። እኔም የተቀዳውን ገልብጬ በቀኝ በኩል አስቀመጥሁለት። እርሱ ግን ጊታር ተጫዋቹ እንደገና ይጫወተው ማለቱ ነበር፤ በዚህ ብዙ ተጨቃጨቅን። ‹ቀዳ› ነው ‹ቀረጸ› የሚባለው? ‹ሄቪ› የሚሉትን የጊታር ድምፅ ‹ከባድ› ብንለው ያስኬዳል? ድራምን ከበሮ፣ ሚክስ ማድረግን ማዋሐድ ማለትስ? ባቡሩ ሲያልፍ ማይክሮፎኑ ውስጥ የሚገባውን ድምፅ እንኳ ምን እንደምንለው አናውቅም። ወይስ ሁሉንም በእንግሊዝኛው እንተወው?»
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ ያጣላችሁ ግሡ ነው። ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፣ ጠላ ከጋን ይቀዳል፣ ጽሑፍ ከጽሑፍ ይቀዳል፤ «ቅጂ» የሚለውም ስም የወጣው ከዚሁ ነው። ዘፈን ወደ ካሴት መግባት ሲጀምር አማርኛ ይህንኑ ግሥ አዋሰው። «ቀዳ» አንድን ነገር ካለበት ወደ ሌላ ዕቃ ማሳለፍን ይናገራል እንጂ፣ የተቀዳው ከምንጩ ይሁን ቀድሞ ከተቀዳ ነገር አይለይም። ስለዚህ ጊታር ተጫዋቹ ፊት ማይክሮፎን አቁሞ የሚሠራውም ቀዳ፣ ፋይል ከፋይል የሚገለብጠውም ቀዳ ይባላል።

«ቀረጸ» ግን የጠራቢና የአንጥረኛ ግሥ ነው። ድንጋይ ይቀረጻል፣ እንጨት ይቀረጻል፣ ማኅተም ይቀረጻል። ቅርጽ አልነበረም፣ አሁን ተገኘ። ይህ ስሜት በድምፅ ላይም አልጠፋም፤ «መቅረጸ ድምፅ» የተባለው መሣሪያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። በጋዜጣና በሬዲዮ ሁለቱ ግሦች ሲለዋወጡ እሰማለሁ፤ እዚያ ጉዳት የለውም፣ ማንም አይደናገርም። በስቱዲዮ ግን ልዩነቱ ዋጋ አለው። ከመሣሪያው ወይም ከሰው ጉሮሮ በቀጥታ ሲወሰድ «ቀረጸ»፣ የተቀረጸው ሲባዛ «ቀዳ» ወይም «ገለበጠ» ብትሉ ጭቅጭቁ ይቀራል።

የባንዱ መሪ ለምን እንደተቆጣም ይገባኛል። የተገለበጠው ጊታር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ቢያስቀምጡትም ጆሮ ከመሐል እንደመጣ አድርጎ ነው የሚሰማው፤ ጮኽ ብሏል እንጂ አልሰፋም። ተጫዋቹ እንደገና ሲጫወተው ግን እጁ ጥቂት ይቀድማል፣ ጥቂት ይዘገያል፣ ክሩን የሚመታበት ኃይልም ይለያል። በነዚያ ጥቃቅን ልዩነቶች ምክንያት ሁለቱ ጊታሮች በግራና በቀኝ ተለያይተው ይሰማሉ፤ ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል እንደ ግድግዳ የሚቆመው የዚህ ሙዚቃ ድምፅ የሚገኘው እንዲህ ነው። እንግዲያው ትእዛዙ «ይድገመውና ቅረጸው» ቢሆን ኖሮ ችግር አይፈጠርም ነበር። ስም ካስፈለገ «ድርብ ቀረጻ» ጥሩ ነው።

በዚሁ ላይ እያለን፣ እርስዎ ያልጠየቁትን አንድ ነገር ልጨምር። «ድምፅ ማጉያ» የምንለው ነገር ሁለት ነው። በስብሰባ አዳራሽ ተናጋሪው አፉ ላይ የሚይዘውም ድምፅ ማጉያ፣ ከግድግዳው ላይ የሚጮኸውም ድምፅ ማጉያ ነው። በአዳራሽ ይህ አያስቸግርም። በስቱዲዮ ግን «ድምፅ ማጉያውን ከድምፅ ማጉያው ፊት አቁመው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወለዳል፤ ያውም የጊታር ቀረጻ ዋናው ሥራ በትክክል ይህ ነው። እዚህ ላይ ባዕድ ቃል መዋስ አያሳፍርም፦ የሚይዘው ማይክሮፎን፣ የሚያጎላው አምፕሊፋየር፣ የሚጮኸው ስፒከር። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣውና እስከ ዛሬ በጊታር ፊት የሚቆመው የሹር ኤስኤም57 ስሙ የፋብሪካ ስም ነው፤ ማንም «ተርጉሙልን» አላለም። ድርጊቱንና የሚሰማውን ግን አማርኛ በደንብ ይናገረዋል፤ ማይክሮፎኑ ወደ ስፒከሩ መሐል ሲጠጋ ድምፁ ይሰላል፣ ወደ ጠርዙ ሲሸሽ ይለዝባል።

የኔም አቋም ባጭሩ ይኸው ነው። የመሣሪያውን ስም ዋሱ፤ ጆሮ የሚሰማውንና እጅ የሚሠራውን ግን በራሳችሁ ቅጽልና ግሥ ተናገሩ። ስለ ድምፅ የሚናገር ቃል ድሃ አይደለንም።

ወደ «ከባድ» እንሂድ። ቃሉ ከድምፅ ጋር እንግዳ አይደለም፤ «ከባድ የፍንዳታ ድምፅ ተሰማ» የሚል ዜና ሁላችንም አንብበናል። ነገር ግን «ከባድ ጊታር» ሲባል ሰሚው ወይ ሚዛን ያስባል ወይ እንደ «ከባድ ፈተና» ለመጫወት የሚያስቸግር መሣሪያ ያስባል። ቅጽሉ ድምፁን ይከተል፣ ዕቃውን አይከተል፦ «ከባድ ድምፅ ያለው ጊታር»።

እንደ እኔ ግን ይህ ቃል ለአድማጭ እንጂ ለሠሪ አይጠቅምም። ክብደቱ የጊታሩ ብቻ አይደለምና። በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ አካባቢ ነው (ኸርዝ ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)፤ እነዚህ ባንዶች እንደሚወዱት አንድ ድምፅ ዝቅ ሲደረግ ወደ 73 ይወርዳል። የቤዝ ጊታር ወፍራም ክር ግን 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። ከታች ሆኖ ደረትን የሚገፋው እርሱና በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም ናቸው፤ ብዙ ባለሙያዎችም ለእነርሱ ቦታ ለመልቀቅ ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን የጊታር ድምፅ ይቆርጣሉ። አሁን ጀማሪውን «ጊታሩን አክብደው» ቢሉት ምን ያደርጋል? የታችኛውን ድምፅ ይጨምራል፤ ሁሉም ነገር ይጋጫል። ቃሉ ራሱ ወደ ስሕተት መራው ማለት ነው።

በምትኩ ሰዎች ስለ ሰው ድምፅ ለዘመናት ያከማቹትን ቃላት ተመልከቱ። አንዱ መሪጌታ ድምፁ መረዋ ነው፣ የአንዷ ዘፋኝ ስርቅርቅ ነው፤ ጎርናና አለ፣ ሰላላ አለ፣ ወፍራም፣ ቀጭን፣ የታፈነ፣ ጥርት ያለ አለ። ከነዚህ ውስጥ «ሰላላ» የምትለዋ ለእናንተ ሥራ የተሠራች ትመስለኛለች። የጊታሩን የመሐል ድምፅ ቀንሶ ታችና ላዩን ብቻ ያጎላ ሰው፣ ብቻውን ሲሰማው ትልቅ ይመስለዋል፤ ድራሙና ቤዙ ሲገቡ ግን ጊታሩ ሰላላ ይሆናል። ይህን ከዚህ በተሻለ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ቃል አላገኘሁም። «የታፈነ»ም አለላችሁ፤ ተጫዋቹ ክሩን በመዳፉ ጫን ብሎ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ የታፈነ ምት ነው። ክራር የሚደረደርበትና የሚገረፍበት መንገድ እንደሚለያይ ሁሉ፣ ይህም ጊታር ሲለቀቅ ይገረፋል፣ ሲያዝ ይታፈናል።

ዲስቶርሽንን፣ ጊታሩን ከልክ በላይ አጉልቶ ድምፁን መለወጥን፣ «መዛባት» ብላችሁ እንዳትተረጉሙ አደራ። የተዛባ መረጃ፣ የተዛባ ፍርድ እንላለን፤ መዛባት ነውር ነው። እነዚህ ልጆች ግን አስበውበት፣ ገንዘብ ከፍለውበት ነው የሚያደርጉት። የሞገዱ ጫፍ ሲቆረጥ በመጀመሪያው ድምፅ ላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ፤ ጆሮም ይህን የሚሰማው እንደ ሻካራነት ነው። ስለዚህ «ጊታሩን አሻክረው»፣ «ሻካራነቱን ቀንስ» በሉ። ለነገሩ ሻካራ ድምፅን መውደድ ከውጭ የመጣብን አይደለም። በገና ዐሥሩም ክሮቹ እንዲያ የሚነዝሩት በክሩና በመቀመጫው መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ ነው፤ የበገና ድምፅ ተዛባ ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። «ተዛባ» የሚለውን ሳይፈለግ ለደረሰው ጉዳት አቆዩት፤ ኮምፒውተሩ ከሚችለው በላይ ጮኾ ገብቶ የተበላሸ ቀረጻ በእውነት የተዛባ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አብሮ ይሂድ። ድርብ ቀረጻ ሲኖር ሻካራነቱ ይደመራል፤ እያንዳንዱ ጊታር ብቻውን ሲሰማ ከሚያስደስተው ጥቂት ለስለስ ብሎ መቀረጽ አለበት። አለበለዚያ ድምፁ ይደፈርሳል። «ደፈረሰ» ለውኃም ለዓይንም ለሰላምም እንላለን፤ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ አካባቢ ተጠራቅሞ ሁሉን ለሚሸፍነው ጥቅጥቅ ድምፅም ልክክ ይላል። ተቃራኒው «ጠራ» ነው። እነዚህ ሁለት ግሦች ብቻ የግማሽ ቀን ሥራ ያስተዳድራሉ።

ስለ ከበሮ ብዙ አልከራከርም። ከበሮ ስንል ማኅሌትና ሠርግ ይመጣብናል፤ ድራም ስንል በወንበር የተቀመጠ ሰው በእጅም በእግርም የሚመታው፣ ናስ ያለበት ስብስብ። ሁለቱም ቃላት ይኑሩ፣ ሥራቸው የተለያየ ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የተባለው ግን ለድራም ቀረጻም ይሠራል፤ ለአንድ ድራም ብቻ ስምንትና ከዚያ በላይ ማይክሮፎን ማቆም የተለመደ ነው። ግሦቹን ከእኛው ውሰዱ። ድራሙ ይመታል፣ ይደለቃል። የናሱ ሳህን፣ ሲምባሉስ? በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት «የሚንሿሿ ጸናጽል» የሚል አለ፤ ሲምባልም ይንሿሿል። ድራመሩ ሲምባል ሲያበዛ «አትንሿሿብን» ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚኮራበት ሀብት አለው፦ ድምፅን አስመስለው የሚናገሩ ቃላት። ኳ አለ፣ ድም አለ፣ ሿ አለ፣ ቀጭ አለ። መጨረሻቸው ላይ «ታ» ሲገባ ስም ይሆናሉ፤ ኳኳታ፣ ድምታ፣ ሿሿታ። ትልቁን ድራም ስትሠሩ ሁለት ነገር ነው የምትፈልጉት። ከ60 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምታው፣ ከ3 እስከ 5 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለው ቀጭታው። ጊታሮቹ ሲወፍሩ ድምታው ይዋጣል፤ ጆሮ ምቱን የሚያገኘው በቀጭታው ነው። «ቀጭታውን አውጣው» ማለት ማንም የሚረዳው አማርኛ ነው። ባቡሩ ሲያልፍ የሚገባውን ድምፅ ደግሞ ጉርምርምታ በሉት፤ በዝቅተኛው ክፍል ስለሚቀመጥ፣ ከጊታሩ ታች ስትቆርጡ አብዛኛው አብሮ ይሄዳል።

አንድ የተዋስነው ቃል ግን ያስቀኛል። ሁለት ማይክሮፎኖች አንድን ድራም ከተለያየ ርቀት ሲሰሙ ድምፁ ለአንዱ ይዘገያል፤ ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 34 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የሴኮንድን አንድ ሺህኛ ያዘገያል። የአንዱ ሞገድ ሲወጣ የሌላው ከወረደ ይጠፋፋሉ፣ ድራሙም ይሰልላል። ባለሙያዎቹ ይህን «ፌዝ አለበት» ይላሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች «ሦስት ፌዝ» ሲሉ ለምደነዋል፤ ድራመሩን ግን «ድራምህ ላይ ፌዝ አለ» ብትሉት ቢቀየም አልፈርድበትም። «ማይክሮፎኖቹ አልተጣጣሙም» በሉት። ስኔሩን፣ ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበትን ትንሹን ድራም፣ ከላይና ከታች በማይክሮፎን የምትይዙ ከሆነም የታችኛውን ሞገድ ላዩ ታች፣ ታቹ ላይ እንዲሆን አዙሩት፤ ቆዳው ከላይ ሲመታ ለአንዱ ይሸሻል፣ ለሌላው ይቀርባልና።

«ኢኮ»ና «ሪቨርብ» የሚያምታታቸው ሰውም ብዙ ነው። ተመልሶ ለይቶ የሚሰማው ገደል ማሚቶ ነው፤ ክፍሉን ሞልቶ የሚቆየው ግን ማስተጋባት ነው። ኮምፕረስ ማድረግን፣ የጮኸውን ዝቅ አድርጎ ከለሰለሰው ጋር ማቀራረብን፣ ማመቅ በሉት፤ የታመቀ አየር እንደምንለው። «መጨመቅ» አይሆንም፣ የሚጨመቀው ነገር ጭማቂው ተወስዶ ገለባው ይጣላል።

የቀረው ሚክስ፣ ለየብቻ የተቀረጹትን ወደ አንድ ማምጣት ነው። «ደባለቀ» አይሁን፤ «ሁሉን ነገር ደበላለቀው» ስንል ስሞታ ነው። «ቀየጠ» ማርን በስኳር የሚያበላሽ ነጋዴን ያስታውሳል፤ «በረዘ» ደግሞ ያቀጥናል። እርስዎ ያነሡት «አዋሐደ» ከሁሉ ይሻላል፤ ምክንያቱም ከነገረ መለኮት የመጣ ጥንቃቄ አለበት። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተዋሕዶ ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት አንድ መሆን ነው። ጊታሩ፣ ቤዙና ድራሙ አንድ ሆነው ግን እያንዳንዱ ለብቻው እንዲሰማ ማድረግ ከዚህ የተሻለ ስም አያገኝም። ቃሉ ለጩኸት ሙዚቃ ከብዶብናል የሚሉ ካሉ አልፈርድባቸውም፤ «አመጣጠነ» የሚለውን ይውሰዱ።

በአልበሙ ሽፋን ላይ ግን «ሚክሲንግ» ብላችሁ ብትጽፉ አልቃወምም፤ አንባቢው ለምዶታል፣ «ቅንብር» ብላችሁ እንዳትጽፉ ብቻ፤ ያ የሌላ ባለሙያ ሥራ ስም ነው። የዘርፉንም ስም ፖስት ሃርድኮር ብላችሁ ተዉት፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ከሃርድኮር ፓንክ የወጣ ነው፣ እንደ ጃዝና ሬጌ በስሙ ይጠራ። «ድኅረ ሃርድኮር» የምትሉ ከሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስመስለዋል። «ድምፅ ቀረጻ» ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ ድምፅ በፀሐዩ «ፀ»፣ ቀረጻ በጸሎቱ «ጸ» ነው።