ከአማቴ ጋር የወጣነው እራት ትዳሬን አናጋው

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ የምንኖር ባለትዳሮች ነን፤ የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። በፍልሰታ ጾም ከአማቴ፣ ከባለቤቴ ወንድምና ከሚስቱ ጋር ለዕረፍት ኦርላንዶ ሄድን። ቀኑን ሙሉ የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ስንዞር ውለን፣ ማታ ሼፉ ፊት ለፊት በጋለ ብረት ላይ የሚያበስልበት የጃፓን ሬስቶራንት ገባን። የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሳቱ ቦግ ሲል ልጄ ጮኻ አለቀሰች፤ የባለቤቴ ወንድም እየሳቀ በስልኩ ቀርጾ ለዘመድ ሁሉ በቴሌግራም ላከው። አማቴ ደግሞ አትክልታቸው ሥጋ በተጠበሰበት ቅቤ ሲገላበጥ አይተው ሳህኑን ገፉትና «ጾሜን የሚያስብልኝ ሰው የለም» አሉ። ባለቤቴ በሰው ፊት «አንቺ አይደለሽ የመረጥሽው!» አለኝ። ልጄን አቅፌ ወጣሁ፤ እሱ ተከትሎኝ አልመጣም። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን፣ ስለ ልጅና ስለ ቤት ወጪ ካልሆነ አንነጋገርም። አማቴን ይቅርታ ልጠይቅ? ባለቤቴስ ከእናቱ ጋር ወግኖብኝ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አማትዎን ይቅርታ ይጠይቁ፤ ግን ስለ አንድ ነገር ብቻ፣ ጾማቸውን አስቀድመው ሳይጠይቁ ቦታ ስለ መያዝዎ። የፈራች ልጅዎን ይዘው ስለ መውጣትዎ ማንንም ይቅርታ አይጠይቁ። ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ከጻፉልን ተነሥቼ ስመዝነው አስቦበት የወገነ ሰው አይመስለኝም። እናቱ ሲያዝኑ፣ ልጁ ስታለቅስ፣ የማያውቁት ሰዎች ሲያዩት አፈረ፤ እፍረቱንም ያራገፈው አጠገቡ ባገኘው ሰው ላይ ነው። ጥፋት ነው፣ ሊያርመውም ይገባል። የሚታረምበት መንገድ ግን ከወገንተኝነት የተለየ ነው።

የተቀመጣችሁበትን ገበታ ልብ ብለን እንየው፤ ብዙው ነገር የተበላሸው እዚያ ነውና። ሼፉ ፊት ለፊት በጋለ የብረት ምጣድ ላይ የሚያበስልበት ይህ ዘዴ ቴፓንያኪ ይባላል፤ በጃፓኗ ኮቤ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1945 የተጀመረ አበሳሰል ነው። ቢላ እየተወረወረ፣ እሳት እየተንቦገቦገ የሚቀርብ ትርኢት ሆኖ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ደግሞ ከ1964 ወዲህ ነው። በብዙዎቹ ቤቶች ስምንት ያህል ወንበር ምጣዱን በሦስት በኩል ይከባል፣ በአራተኛው በኩል ሼፉ ይቆማል። እናንተ ስድስት ስለነበራችሁ የቀሩት ወንበሮች ላይ የማታውቋቸው ሰዎች ተቀምጠው ይሆናል። ሁሉም የሚያየው ሼፉን ነው፤ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው የጎረቤቱን ፊት አያነብም። ምግቡ የሚመጣው በሼፉ ፍጥነት ስለሆነ «ቆይ፣ አንድ ጊዜ እንነጋገር» የሚባልበት ክፍተት የለም፤ ይህም ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። በተራ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን አማትዎ ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው «ይሄ የፍስክ ነው መሰለኝ» ብለው ያንሾካሹኩ ነበር። እዚህ ግን ቅሬታቸውን ወይ መዋጥ ነበረባቸው፣ ወይ ሁሉ እየሰማ መናገር።

በዚያ ላይ ሁላችሁም ዝላችኋል። የፍሎሪዳ የነሐሴ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። አማትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ በዚያ ፀሐይ ያለ ምግብና ያለ ውኃ ነው የተጓዙት። የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በጩኸትና በሰልፍ ከዋለች በኋላ ማታ ለአዲስ ድንጋጤ የሚሆን አቅም አይተርፋትም። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚነገር ቃል የሰውየውን እውነተኛ አቋም ከሚያሳየው ይልቅ ድካሙን ያሳያል። ይህን የምለው እርስዎ ባለቤትዎ የተናገራትን ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይዘው ሦስት ሳምንት እንዳያሰላስሏት ነው።

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም መሬይ ቦውን (Murray Bowen) የቤተሰብ ጭንቀት በሦስት ማዕዘን እንደሚዘዋወር አስተምሯል። ሁለት ሰዎች መካከል የተፈጠረው ውጥረት ሲከብድ ሦስተኛ ሰው ይሳብበታል። እዚህ የነበረው ውጥረት በአማትዎና በሳህኑ፣ ቢበዛ በአማትዎና በልጃቸው መካከል ነበር። ባለቤትዎ «እማዬ፣ ቆይ ሌላ ላስመጣልሽ» ቢል ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር። ሊሸከመው ስላልቻለ ወደ እርስዎ አዞረው። እርስዎም አሁን «ከማን ጋር ነህ?» ብለው ቢጠይቁት ያንኑ ሦስት ማዕዘን ያጠነክሩታል። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁሉ ወይ እርስዎን ወይ እናቱን ይጎዳል።

ስለዚህ ንግግሩን በሌላ በር ይጀምሩት። ሁለታችሁም ሥራ የማትገቡበት ቀን ይምረጡ፤ ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል። መኪና ውስጥ አይሁን፤ በጽሑፍ መልእክትም አይሁን። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ስለ ራስዎ ትሁን፦ «ልጃችንን ይዤ ስወጣ ተከትለኸኝ እንድትመጣ ፈልጌ ነበር። ሳትመጣ ስትቀር ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ፤ በሰው ፊት የተናገርከኝም አሳፈረኝ።» ከዚያ ዝም ይበሉ፣ ይናገር። «ሁልጊዜ»፣ «መቼም»፣ «እናትህ» የሚሉትን ቃላት ለዚያ ምሽት ይተዉአቸው። እነዚህ ከገቡ ስለ አንድ እራት የተጀመረው ወሬ ስለ ትዳሩ ሁሉ ይሆናል፤ ያን ደግሞ በግማሽ ሰዓት ማንም አይጨርሰውም።

ነገሩ ቢጋልስ? የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ100 በላይ ሲሄድ ሰው የሚነገረውን በትክክል መስማት እንደሚያቅተው፣ ሰውነት እስኪረጋጋም ቢያንስ 20 ደቂቃ እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። ድምፅ ከፍ ሲል «ሃያ ደቂቃ ልረፍና እመለሳለሁ» ብለው ይነሡ። «እመለሳለሁ» የምትለው ቃል እንዳትቀር፤ ያለ እርሷ መነሣት ጥሎ መሄድ ይሆናል። በሃያው ደቂቃ ውስጥም መልስ አያዘጋጁ፤ ዕቃ ይጠቡ፣ ትንሽ ይራመዱ።

አማትዎ ዘንድ የሚሄዱት ከዚህ ንግግር በኋላ ነው። ብቻዎን ይሂዱ፣ አጭር ይሁን፦ «እማዬ፣ ቦታውን ስይዝ ጾምዎን አልጠየቅኩዎትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ሰበብ አይጨምሩበት። ስለ ባለቤትዎ ንግግርም አያንሡ፤ እሱን ለእናቱ የሚያስረዳው እሱ ነው። አማትዎ ሳያውቁ ቀምሰው ከሆነና ጾሜ ፈረሰ ብለው ከተጨነቁ፣ መልስ የሚሰጧቸው የንስሐ አባታቸው ናቸው። «ምንም አይደለም፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው እርስዎ ባያቀሉባቸው ይሻላል፤ በአክብሮት የያዙትን ነገር የናቁባቸው ይመስላቸዋል። ሽማግሌም አሁን አይጥሩ። ሽማግሌ ሲገባ በደልና ካሣ መቁጠር ይጀመራል፤ የእናንተ ጉዳይ ገና እዚያ አልደረሰም።

ልጅቷን በተመለከተ ከሁሉ በፊት የሚያሳስበኝ ቪዲዮው ነው። የፈራ ሕፃን ሲሳቅበት ከእሳቱ ይልቅ ሳቁ በልቡ ይቀራል፤ ሌላ ጊዜ ስትፈራ መናገር ታቆማለች። ባለቤትዎ ለወንድሙ ደውሎ ከቴሌግራሙ ቡድን ላይ ለሁሉም እንዲያጠፋው ይጠይቀው። «አጥፋልኝ፣ ልጄን ያሳፍራታል» ማለት ይበቃል፤ ወቀሳ አያስፈልግም። ይህ ባለቤትዎ ከእርስዎና ከልጁ ጎን መቆሙን በተግባር የሚያሳይበት ቀላል ሥራ ነው፤ በዚያ ምሽት ንግግር ላይ የሚጠይቁት አንድ ነገር ይህ ይሁን። ለልጅቷ ደግሞ «አትፍሪ» ከማለት «እሳቱ በድንገት ስለተነሣ ደነገጥሽ፣ እኔም አየሁሽ» ይበሏት። ሽንኩርት በቀለበት ቀለበት ተደርድሮ ዘይት ፈስሶበት ነው እሳቱ የሚነሣው፤ በወረቀትና በቀለም አብራችሁ ሥሩት፣ ሼፉ እርሷ ትሁን። ከአንድ ወር በኋላም ወጥ ቤት አልገባም የምትል ወይም በእንቅልፏ የምትባንን ከሆነ ለሕፃናት ሐኪሟ ይንገሩ።

ወደፊት እንዲህ ያለ ቤት አብራችሁ ከሄዳችሁ ጥቂት ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። በኦርላንዶው ዲዝኒ ዎርልድ ቦታ ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ይያዛል፤ ስለዚህ ጾሙን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ለማመሳከር ጊዜ አለ፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ምጣዱ አንድ ስለሆነ ሽሪምፕ፣ ሥጋና አትክልት ተራ በተራ እዚያው ይበስላል፤ ሼፉ ቢፍቀውም ቅባቱ ይቀራል። የጾመኛ ምግብ ከኋላ ወጥ ቤት ለብቻው በዘይት እንዲሠራ ይጠየቅ፤ ሊነገርም የሚገባው ምጣዱ ዘይት ከመነካቱ በፊት ነው። የተጠበሰው ሩዝ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፣ ነጩ ሶስ የሚሠራው እንቁላል ካለበት ማዮኔዝ ነው፣ ሾርባው በሥጋ ወይም በዓሣ መረቅ ሊሠራ ይችላል፤ ነጭ ሩዝ ይዘዙ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚያ ገበታ ላይ አይነሣ።

ልጅቷ የምትቀመጠው ለመውጫ ቅርብ በሆነው ጫፍ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ አጠገብ ነው። ሼፉ ሲመጣ እሳቱን እንዲተው ወይም ዝቅ እንዲያደርገው ይጠየቅ፤ ብዙዎቹ በደስታ ይተዉታል። ከመግባታችሁ በፊትም ልጅቷ ብታለቅስ ይዟት የሚወጣው ማን እንደሆነ፣ ከአማትዎ ጋር የሚቀረው ማን እንደሆነ በግልጽ ተነጋገሩ። ሂሳቡንም ቀድማችሁ ተስማሙ። ዲዝኒ ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ለሚመጣ ቡድን 18 በመቶ ቲፕ በራሱ ይጨመራል፣ የኦርላንዶ አካባቢ ታክስ ደግሞ 6.5 በመቶ ነው፤ 400 ዶላር የመሰለው እራት 498 ሆኖ ይመጣል። ያንን ወረቀት ወንድማማቾቹ በደከመ ሰውነት «እኔ ልክፈል» እያሉ ሲጓተቱበት ሌላ ጠብ እንዳይነሣ፣ ማን እንደሚከፍል ሆቴል ሳላችሁ ይወሰን።