የአያት ወሬና ልብ ወለድ፦ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ካናዳዊቷ ደራሲ አሊስ መንሮና ከስኮትላንድ ስለመጡት ቅድመ አያቶቿ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል።

“መንሮ” የስኮትላንድ አያቶቿ ስም ነው ወይ?

አይደለም፤ የመጀመሪያ ባሏ ስም ነው። የአባቷ ቤት ሌይድሎ ነው።

ስለ እነሱ የጻፈችው ታሪክ ነው ልብ ወለድ?

ልብ ወለድ። እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው መድበል መግቢያ ላይ ራሷ ትናገራለች። እባካችሁ መግቢያ አትዝለሉ።

አንድ አንባቢ አያታቸው “አባቴ ዓድዋ ዘምቷል” እያሉ ነው ያሳደጓቸው። ዓመቱን ሲያሰሉት የአያታቸው አባት በ1888 ዓ.ም. ገና ሕፃን ነበሩ። በምጽፈው ልብ ወለድ ውስጥ ላርመው ወይ ይላሉ።

በፍጹም እንዳያርሙት! ሌይድሎዎች ስኮትላንድ ካለው ከኤትሪክ ሸለቆ ተነስተው፣ ከሊዝ ወደብ በመርከብ ወደ ካናዳ የተሻገሩት እ.ኤ.አ. በ1818 ነው። መንሮ ስትጽፈው፣ አሜሪካ አሜሪካ ሲል የኖረው አባት ገና ትንሽ የነበረ ልጁን የኤዲንብራ ግንብ የቆመበት አለት ላይ ያወጣዋል። ከውሃው ማዶ ያለውን መሬት አሜሪካ ነው ብሎ ያሳየዋል። የታየው ግን ፋይፍ ነው፤ እዚያው ስኮትላንድ። መንሮ ስህተቱን አርማ ብትጽፈው ኖሮ የሰውዬው ጉጉት አብሮ ይጠፋ ነበር።

ደግሞ ሰነድ ሁሉን አይነግርም። እ.ኤ.አ. ከ1865 በፊት ካናዳ የገቡ መንገደኞች ስም ዝርዝር ተሟልቶ አይገኝም። ቢገኝም መርከቡ ላይ ማን ምን እንዳለ አይጽፍም። መንሮ ይህን የሞላችው ከቤተሰቡ ደብዳቤዎችና ከራሷ ምናብ ነው።

እርስዎም አያትዎ እንደነገሩዎት ይናገሩ። ከዚያ ይጠይቁ፦ ታዲያ የዘመተው ማን ነበር? የአባታቸው ታላቅ ወንድም? ያ ሰው ሳይመለስ ቀርቶ ይሆን ዝናው ለሕፃኑ የተረፈው? መጽሐፍዎ ያለው እዚያ ጋ ነው። ለሰነዱ ታሪክ አጥኚ ያነጋግሩ።

አንዲት እህት ደግሞ የአክስቷን የወጣትነት ምስጢር ልትጽፍ ነው። አክስቷ “ጉድ ታፈይብኛለሽ” ብለዋታል።

እህቴ፣ ቅሬታው የቆየ ነው። ከዚያው ከሌይድሎ ቤት የወጣችው ማርጋሬት፣ በቃል የምታውቃቸውን ዘፈኖች ለስኮትላንዳዊው ደራሲ ለዋልተር ስኮት ሰጥታው ነበር። ሲታተሙ ግን አበላሸሃቸው ብላዋለች። መንሮ ታሪካቸውን የጻፈችው የ1818ቱ ተጓዦች ከሞቱ ቆይተዋል። አክስትሽ ግን በሕይወት አሉ፤ ምስጢሩም የእሳቸው ነው። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ረቂቁን ይዘሽ ሂጂና ቁጭ ብለሽ አንብቢላቸው። እሺ ቢሉሽም ከመታተሙ በፊት ጠበቃ አማክሪ። ይህን ለወጉ አይደለም የምልሽ፤ የምር አማክሪ።