ለእያንዳንዱ ወር ትንሽ ጳጉሜን

ጥያቄ፦ «ደሴ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ 14 ዓመት በፈረቃ ሠርቷል። ሠራተኛ ሲቀነስ እሱም ወጣ፤ ይኸው ስምንት ወሩ። እኔ ፒያሳ ልብስ እሰፋለሁ፤ ቤታችን የኪራይ ነው። በየወሩ ልደታን እሳለምና “በዚህ ወር አልጮህበትም፣ አላዋርደውም” ብዬ ለእግዚአብሔር ቃል እገባለሁ። አቦ ሳይደርስ እንጣላለን። ከዚያ በኋላ ወሩን ሙሉ ተኳርፈን እንከርማለን። እሱ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለምም ትቷል። መባቻ በመጣ ቁጥር ዘመዶቼ በቴሌግራም “ይህ ወር የድልሽ ወር ነው” ብለው ሲልኩልኝ አለቅሳለሁ። እግዚአብሔር ሰልችቶኝ ይሆን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ዓይኔ ያረፈው ከጸቡ ይልቅ ቀኑ ላይ ነው። «አቦ ሳይደርስ» ብለሻል፤ ከ1 እስከ 5 ባሉት ቀናት ማለት ነው። እስቲ አስቢው፣ በእነዚያ ቀናት በርሽን የሚያንኳኳው ማነው? አከራይሽ ነው። የእድሩ መዋጮ፣ የልጆቹ ክፍያ፣ የሱቁ ዱቤም ተከትለው ይመጣሉ። ስለዚህ ላንቺ መባቻ ንጹሕ ገጽ አይደለም፤ ከወሩ ሁሉ የከበደው ቀን ነው። እጅግ ትልቁን ስእለትሽን እጅግ ከባዱ ቀን ላይ እየጫንሽው ነው የከረምሽው። ቢሰበር አይገርመኝም፤ ስምንት ወር ሙሉ ደግመሽ መሞከርሽ ግን ልቤን ነክቶታል። እግዚአብሔር የሰለቻት ሰው እንዲህ አትጸልይም።

በአዲስ ወር መነሣሣትሽ ስሕተት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎች በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ስፖርት ማዘውተሪያ የመሄዳቸውና ለራሳቸው ግብ የማስቀመጣቸው ነገር ከፍ እንደሚል አይተዋል። አዲስ ቀን ካለፈው ስንፍናችን የተለየን ያህል ሆኖ ይሰማናል። ችግሩ ያለው ቃሉ ከፈረሰ በኋላ በሚመጣው ነገር ላይ ነው። አለን ማርላት የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ ሱስ ለመተው የሚታገሉ ሰዎችን ሲያጠኑ፣ አንድ ቀን የተሳሳተ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚያች አንድ ስሕተት ሳይሆን «በቃ፣ እኔ ሰው አልሆንም» በሚለው ሐሳብ መሆኑን አስተውለዋል። ያንቺም ጩኸት የአንድ ምሽት ነበር። ቀሪውን 25 ቀን የበላው «አሁንም አፈረስኩት» የሚለው ጸጸትሽ ነው። ሰቆቃወ ኤርምያስ የእግዚአብሔር ርኅራኄ ማለዳ ማለዳ አዲስ እንደሆነ ይናገራል። በወር አንዴ የሚታደል ራሽን አላደረገውም፤ ለ6ኛውም ቀን ማለዳ አለው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አባቶቻችን ከመስከረም በፊት ጳጉሜንን አስቀመጡ። አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት። ሰው ገና በጨለማ ተነሥቶ ጠበል ይወርዳል፣ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ይታጠባሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው አደይ የሚያዘው። ማንም ሰው ከነሐሴ ድካሙ በአንድ ሌሊት ዘሎ አዲስ ዓመት አይገባም። አንቺም ለየወሩ ትንሽ ጳጉሜን አብጂለት፤ ከ25 እስከ 30 ያሉትን ቀናት።

በ25 ቡና አፍልተሽ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ በሉ፤ በቀን ብርሃን፣ ልጆቹ ውጭ እየተጫወቱ። ስንት ብር እንዳለ፣ ስንት እንደጎደለ፣ ለአከራዩ ማን ምን እንደሚለው ያኔ ተነጋገሩ። ሒሳቡ በአቦልና በቶና ይለቅ። በረካው ላይ የኪራይ ስም አይነሣ። አከራዩን አስቀድሞ ሄዶ «ግማሹን በ1፣ ግማሹን በ12» ብሎ የሚያነጋግረው ባለቤትሽ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ገንዘብ ባያመጣም የቤቱን ደጅ የሚጠብቅ ሰው መሆኑን ራሱ ያያል። «አልጮህም» የሚለውን ስእለት ደግሞ ለጊዜው ተዪው። በምትኩ እንዲህ በይ፦ «ድምፄ ከፍ ሲል ከሰማሁት፣ ወጥቼ ፊቴን እታጠባለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ እቀመጣለሁ።» ምን ሲሆን ምን እንደምታደርጊ የሚናገር ቃል ከደረቅ ተስፋ ይልቅ በቁጣ ሰዓት ትዝ ይላል። ጮኸሽ ከተገኘሽም በማግስቱ ጠዋት «ትናንት በድዬሃለሁ» በይው። ቀጣዩን ልደታ አትጠብቂ።

ስለ እሱ ግን ልቤ አላረፈም። 14 ዓመት የሐረጎን ዳገት ሲወርድና ሲወጣ የኖረ ሰው፣ ከደሴ ጉም ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ሲደክም የነበረ ሰው፣ በአንድ ደብዳቤ ያጣው ደመወዙን ብቻ አይደለም። ፈረቃውን፣ ጓደኞቹን፣ «ውዬ መጣሁ» ብሎ በር የሚከፍትበትን ክብሩን አጥቷል። ይህ ሐዘን ነው፤ ለቅሶ ግን አልተቀመጠለትም። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» ብሎ ሞቱን ሲለምን፣ መልአኩ ስለ እምነቱ ማነስ አንድም ቃል አልተናገረውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በላ፣ ተኛ፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። መንገዱ ይበዛብሃል ነው ያለው። ለባለቤትሽ «ለምን አትሳለምም?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው አቆዪው። ጠዋት አብራችሁ ቁርስ ብሉ፤ ለፀሐይ አስወጪው፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት እንዲያደርስ ለምኚው።

ይህም ሆኖ ቀኑን ሙሉ መተኛቱ፣ ምግብ መጥላቱና በምንም ነገር አለመደሰቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ የድባቴ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። እናንተ ከተማ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት መውሰድ የለበትም የሚል ሰው ቢመጣብሽ አትስሚው፤ ሁለቱ አይጣሉም። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ብቻውን አትተዪው፣ ያንኑ ቀን ውሰጂው።

የቴሌግራሙን መልእክት የሚልኩልሽ ሰዎች ይወዱሻል። ከሚቀርቡሽ ለአንዷ ግን እውነቱን ጻፊላት፦ «ድሉን ተዪውና በ25 መጥተሽ ቡና ጠጪልኝ።» በቀጣዩ ልደታ ስትሳለሚ ምንም ቃል አትግቢ። ለስምንቱ ወራት አልቅሺ፣ ላለቀስሽው አመስግኚ፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ። ሁለት መባቻ ካለፈ በኋላ ጻፊልኝ፤ ከአከራዩ ጋር ማን እንደተነጋገረና በረካው ላይ ምን እንዳወራችሁ መስማት እፈልጋለሁ።